የራግቢ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው «ዓ.ም.» የሚል ምልክት አለው።

ራግቢ የከተማ ስም ነው፣ የትምህርት ቤት ወይስ የጨዋታ?

የሦስቱም ነው። መጀመሪያ ከተማዋ ነበረች፤ ትምህርት ቤቱ ስሙን ከከተማዋ፣ ጨዋታውም ከትምህርት ቤቱ ወሰደ። ራግቢ በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በዎሪክሻየር የምትገኝ ከተማ ናት። ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ1567 ሎረንስ ሸሪፍ የተባለ ነጋዴ በተወው ኑዛዜ ነው። ሸሪፍ ለቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ቤት ቅመማ ቅመምና ሸቀጥ ያቀርብ የነበረ ሰው ነው። ገንዘቡን የተወው የትውልድ አካባቢው ልጆች ሳይከፍሉ እንዲማሩበት ነበር።

ኑዛዜና ውጤቱ ግን ሁልጊዜ አይገናኙም። ትምህርት ቤቱ ዝናው ሲያድግ የሀብታም ልጆች ከሩቅ እየመጡ ሞሉት። ለከተማዋ ልጆች ደግሞ በ1878 በሟቹ ስም ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ዛሬ በዋናው ትምህርት ቤት አንድ አዳሪ ተማሪ በዓመት ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ይከፈልለታል።

ራግቢ «ፐብሊክ ስኩል» ከተባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ስያሜው የመጣው ትምህርት ቤቱ ለአንድ አጥቢያ ወይም ለአንድ ሙያ ማኅበር ልጆች ብቻ ሳይወሰን፣ ክፍያውን የቻለ ሁሉ ከየትም መጥቶ የሚገባበት በመሆኑ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ቃሉን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚጠቀሙበት ግራ መጋባቱ አይገርምም።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1868 ባወጣው ሕግ ሰባት ትምህርት ቤቶችን ለይቶ ጠቅሷል፦ ኢተን፣ ሃሮ፣ ዊንቸስተር፣ ዌስትሚንስተር፣ ቻርተርሃውስ፣ ሽሩስበሪ እና ራግቢ። 1868 ለእኛ የመቅደላ ዓመት ነው፤ ይህ መገጣጠም ከታች ወደምንመለስበት ታሪክ ያደርሰናል። በነገራችን ላይ ኢጣልያን ለማስወጣት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የገባው የጌዴዎን ጦር አዛዥ የነበረውና አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት በስሙ የተሰየመለት ኦርድ ዊንጌት የቻርተርሃውስ ልጅ እንጂ የራግቢ አይደለም።

«ኦልድ ራግቢያን» የሚባለው ማን ነው?

በትምህርት ቤቱ የተማረ ሁሉ። «ኦልድ» የሚለው ቃል ዕድሜን አያመለክትም፤ ትናንት በ18 ዓመቱ የወጣ ወጣትም ኦልድ ራግቢያን ነው። በማዕረግ መመረቅም አይጠበቅበትም። ትምህርቱን አቋርጦ የሄደም፣ ትምህርት ቤቱን ሲረግም የኖረም ያው ነው።

አብዛኞቹ ምን ሆኑ?

ትምህርት ቤቱ ከ1675 ጀምሮ የገቡትን ተማሪዎች ስም የያዘ መዝገብ አለው፤ ታትሞም ወጥቷል። ስለ ብዙዎቹ ተማሪዎች የአባት ስም፣ ሲገቡ የነበራቸው ዕድሜ እና በኋላ የደረሱበት በአንድ ሁለት መስመር ሰፍሯል። መዝገቡን ገልጦ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ዝነኞችን አይደለም። የገጠር ቄስ፣ የጦር መኮንን፣ ጠበቃ፣ በህንድ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ በቅኝ አገር ገበሬ፣ «በወጣትነቱ ሞተ»። ገጽ በገጽ ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በየመጽሔቱ የሚጠቀሱት ሃያ ወይም ሠላሳ ስሞች ናቸው። እንዲህ ያለ የዝነኞች ዝርዝር ባየሁ ቁጥር የፎቶግራፍ ቤት መስኮት ትዝ ይለኛል፤ የሚሰቀለው ያማረው ሥዕል ብቻ ነው። መስኮት ላይ ያልተሰቀሉት ደግሞ በብዛት የወጡበት ጊዜ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ600 በላይ የቀድሞ ተማሪዎች ሞተዋል። በ1922 የተመረቀ የመታሰቢያ ጸሎት ቤትም አላቸው።

ቶማስ አርኖልድ የራግቢ ተማሪ ነበር?

አልነበረም፤ የተማረው ዊንቸስተር ነው። ከራግቢ ጋር ስሙ የተቆራኘው በ1828 ርእሰ መምህር ሆኖ ስለመጣ ነው። አርኖልድ ከሁሉ አስቀድሞ ይፈልግ የነበረው የሃይማኖትና የግብረ ገብ ትምህርትን ነው፤ ሊቅነት ከዚያ በኋላ ይመጣል ባይ ነበር። ትልልቆቹን ተማሪዎች የታናናሾቻቸው አለቆች አድርጎ ሥልጣናቸውን አጠናከረ። እኛ ክፍል ውስጥ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ሞኒተር አስቡ፤ ለእነዚያ ግን ከመጻፍ አልፎ መግረፍ ይፈቀድላቸው ነበር።

ይህ አሠራር ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የተዛመተው በአብዛኛው በተማሪዎቹ አማካይነት ነው። ከእነርሱ አንዱ ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ስለ ትምህርት ቤቱ ሕይወት የጻፈው ልቦለድ በዓለም ተነበበ። የዘመናዊውን ኦሊምፒክ ያቋቋመው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርተን የአርኖልድን መቃብር ሊያይ ራግቢ ድረስ የሄደውም ያንን መጽሐፍ በልጅነቱ አንብቦ ነው። ሂዩዝ ራሱ ጠበቃ፣ የፓርላማ አባልና ዳኛ ሆነ። በ1880 በአሜሪካ ቴነሲ ውስጥ «ራግቢ» የተባለ መንደር መሠረተ። ዓላማው ርስት የማይደርሳቸውን የእንግሊዝ ጨዋ ቤት ታናናሽ ልጆች በገዛ እጃቸው አርሰው እንዲበሉ ማድረግ ነበር። መንደሩ አልተሳካም። ላቲን የተማረ ልጅ በቆሎ መኮትኮት እንደሚከብደው መገመት አያስቸግርም።

የራግቢን ጨዋታ የፈጠረው ዌብ ኤሊስ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ማስረጃው ቀጭን ነው። ተረኩ እንደሚለው ዊሊያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ በ1823 በእግር ኳስ ጨዋታ መካከል ኳሱን በእጁ ይዞ ሮጠ፤ ጨዋታውም ከዚያ ተወለደ። ይህን ለአደባባይ ያበቃው ማቲው ብሎክሳም የሚባል ሌላ የቀድሞ ተማሪ ሲሆን ዓመቱ 1876 ነው። ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለ 53 ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ብሎክሳም በ1823 ትምህርት ቤቱን ለቅቆ ስለነበር የጻፈው ከሰው የሰማውን ነው። ኤሊስ ደግሞ በ1872 ስለሞተ የሚጠየቅ ባለቤት አልነበረም። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በ1895 ጉዳዩን ቢመረምርም «በዐይኔ አይቻለሁ» የሚል አንድም ሰው አላገኘም። የመታሰቢያ ድንጋዩን ግን አኖረለት።

እርግጠኛ የሆነው ሌላ ነው። በ1845 የጨዋታውን የመጀመሪያ ሕግ በጽሑፍ ያወጡት መምህራን ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ኤሊስ በበኩሉ ኦክስፎርድ ተምሮ ቄስ ሆነ፤ ደቡብ ፈረንሳይ ማንቶን ውስጥ ሞቶ ተቀበረ። መቃብሩ ተፈልጎ የተገኘው ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ከ1987 ወዲህ የዓለም ዋንጫው በስሙ ይጠራል። ሰውዬው ግን እስኪሞት ድረስ ከጨዋታው ጋር ስሙን ያነሣበት አልነበረም።

ከዚህ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ደራሲ የወጣው ለምንድን ነው?

ዝርዝሩ በእርግጥ ያስደንቃል። የአርኖልድ ልጅ ማቲው አርኖልድ ገጣሚና ሃያሲ ነበር፤ እንጀራው ግን የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪነት ሲሆን በዚያ ሥራ 35 ዓመት በባቡር ሲዞር ኖሯል። ቻርልስ ዶጅሰን ከ1846 እስከ 1849 ራግቢ ተምሮ የኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ ዓለም የሚያውቀው ሉዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስሙ ነው። ሩፐርት ብሩክ አባቱ እዚያው መምህር ስለነበር በትምህርት ቤቱ ግቢ አደገ። በ1915 ወደ ጋሊፖሊ በመጓዝ ላይ ሳለ የወባ ትንኝ ንክሻ አመርቅዞበት በ27 ዓመቱ በሆስፒታል መርከብ ላይ ሞተ፤ መቃብሩ በግሪክ ስኪሮስ ደሴት ነው። ሳልማን ሩሽዲ በ1961 ከቦምቤይ መጣ፤ በ1981 የቡከር ሽልማት አገኘ፤ በ2022 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ መድረክ ላይ በስለት ተወግቶ አንድ ዐይኑን አጣ።

ትምህርት ቤቱ ደራሲ ያፈራል ለማለት ግን እቸገራለሁ። ካሮል እነዚያን ሦስት ዓመታት ዳግም ኑርባቸው ቢባል በምድር ላይ በምንም ዋጋ እንደማይስማማ ጽፏል። ሩሽዲም በዚያ የነበረበትን ጥፋት በምሬት ቀልድ ቆጥሮታል፦ የውጭ አገር ሰው መሆን፣ ጎበዝ መሆን፣ በስፖርት ደካማ መሆን። ከሦስቱ ሁለቱ ይቅር ይባሉ ነበር፤ ሦስቱ ባንድ ሰው ሲገናኙ ግን ምሕረት የለም። ለብዙዎቹ ብዕር ያስያዛቸው ብቸኝነት ይመስለኛል፤ የክፍሉ ትምህርት ድርሻው ከዚያ ያነሰ ነው።

የጄት ሞተር ፈልሳፊው ፍራንክ ዊትል የራግቢ ተማሪ ነበር?

አይደለም። ዊትል በ1937 ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሣው ራግቢ ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በሆሎግራፊ ሥራው የ1971ን የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ዴኒስ ጋቦርም የሠራው በዚያው ኩባንያ ነው። ሁለቱም የከተማዋ እንግዶች እንጂ የትምህርት ቤቱ ልጆች አይደሉም።

ሴት ተማሪዎች ነበሩ?

ለአራት መቶ ዓመት አልነበሩም። በ1970ዎቹ ለመጨረሻዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት ብቻ መግባት ጀመሩ፤ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተፈቀደላቸው በ1990ዎቹ ነው። የድሮ ዝነኞች ዝርዝር ወንድ በወንድ የሆነው ለዚህ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ እዚህ ተምሯል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ልዑል ዓለማየሁ በ1861 ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕሩ ሲመለስ አብረው እየተጓዙ ሳለ፣ ከወር በኋላ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁን የያዘው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ስፒዲ ቀድሞ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ የእኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ብለው የሰየሙት ቁመተ ረጅም ሰው ነው።

እንግሊዝ ሲደርስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት ደሴት ላይ ቀረበ፤ ንግሥቲቱም ወደዱት። ስፒዲ ህንድ ሲመደብ ይዞት ሄደ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ግን ልጁ በእንግሊዝ ወግ መማር አለበት ተብሎ ከሚያውቀው ብቸኛ ሰው ተለየና ቼልተንሃም ባለው ኮሌጅ ርእሰ መምህር፣ በቄስ ቶማስ ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ። ጄክስ ብሌክ በ1874 የራግቢ ርእሰ መምህር ሲሆን ልዑሉም አብሮት ሄደ። ራግቢን የመረጠለት ሹመት ነው፤ ልጁን የጠየቀ አልነበረም።

ከራግቢ ከወጣ በኋላ ምን ሠራ?

ምንም ለመሥራት ጊዜ አላገኘም። በ1878 ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ገባ፤ አልተመቸውም፤ በዓመቱ ለቀቀ። ከዚያ ቀደም ያስተማረው ሲሪል ራንሰም ወደሚኖርበት ወደ ሊድስ ከተማ ተላከ። እዚያም በሳንባ ሽፋን ሕመም ታሞ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር። ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ፣ በባዕድ አገር አንድ ዘመድ ሳይኖረው ብቻውን መሞቱን እያነሡ አዝነውለታል።

የተቀበረው በዊንድዘር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። ውስጡ በተሰቀለው የነሐስ ጽሑፍ ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተቀርጿል። ይህን ቃል ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚሰማው ስሜት አንድ ዓይነት አይመስለኝም። እኔን ያስቆጣኛል። እንግዳ ማለት በራሱ እግር የመጣ ነው።

አጽሙ ለምን አልተመለሰም?

የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2000ዎቹ ጀምሮ ጠይቋል፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ገጣሚ ለምን ሲሳይም በአደባባይ ተሟግቶለታል። በሜይ 2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአካባቢው የተቀበሩትን የሌሎችን ዕረፍት ሳይነኩ የእርሱን አጽም ማውጣት የማይቻል ነው የሚል ይዘት አለው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከልዑሉ ራስ የተቆረጠና በስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ የኖረ ጸጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። የአባቱ ጸጉር ከለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም የተመለሰው በ2019 ነው። እስካሁን ከአባትም ከልጅም ያገኘነው ጸጉር ነው።

ሌላ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝ ኦልድ ራግቢያን አለ?

አለ፤ ግንኙነቱ ግን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ኔቪል ቻምበርሌን ራግቢ የገባው በ1882 ነው። ወጣትነቱን ባሃማስ ውስጥ የቃጫ እርሻ ሲያለማ አሳልፎ ከሰረ፤ ወደ በርሚንግሃም ተመልሶ በንግድና በከተማ አስተዳደር ስም አወጣ። በ1936 የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ፣ አዲስ አበባ በኢጣልያ ከተያዘች በኋላ በኢጣልያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ መቀጠል እብደት ነው ብሎ በይፋ የተናገረው እርሱ ነው። ማዕቀቡ በማግስቱ ወር ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ደግሞ በኤፕሪል 1938 ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት አደረገ። ኖቬምበር ላይ ስምምነቱ በሥራ ሲውል ብሪታንያ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ አወቀች። ይህ ሲሆን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። ቻምበርሌን በኖቬምበር 1940 ሞተ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ለማየት ስድስት ወር ጎደለው።

የአባቱ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ ኦስተን ቻምበርሌንም ራግቢ ተምሯል። በ1925ቱ የሎካርኖ ስምምነት የሰላም ኖቤል ተሸልሟል።

ትምህርት ቤቱ የሚያፍርበት ተማሪ የለም?

«ማፈር» በዘመን ይለዋወጣል። በአርኖልድ ዘመን የተማረው ዊሊያም ሆድሰን በህንድ የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ነበር። በ1857 ዴልሂ ስትያዝ የመጨረሻውን የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህን ማረከ፤ በማግስቱ እጃቸውን የሰጡትን ሁለት የንጉሡን ልጆችና አንድ የልጅ ልጅ በገዛ እጁ ተኩሶ ገደላቸው። በቪክቶሪያ ዘመን ብዙዎች ጀግና አሉት። ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው ሌላ ስም ይሰጠዋል። እኔ ልብ የምለው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የሌላ ንጉሥ ልጅ በዚያው ግቢ ተማሪ ሆኖ መግባቱን ነው።

በሌላ ወገን ሪቻርድ ቶኒና ዊሊያም ቴምፕል በአንድ ቀን ራግቢ ገብተው ዕድሜ ልክ ወዳጅ ሆኑ። ቶኒ የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ሆኖ ማታ ማታ ሠራተኞችን አስተማረ፤ ሀብታም ብቻ የሚማርበትን ሥርዓትም በብዕሩ ወጋ። ቴምፕል በ1942 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ስለ ድሆች መብት ይናገር ነበር። አንድ ግቢ እነዚህንም ሆድሰንንም አብልቷል።

ታዲያ ዓለማየሁን ኦልድ ራግቢያን ማለት ይቻላል?

በትርጉሙ መሠረት አዎ፤ ተምሯልና። አንዳንድ ሰው «የራግቢ ምሩቅ» ብሎ በኩራት ሲጽፈው ግን ቅር ይለኛል፤ ኩራቱ የማን እንደሆነ ስለማይገባኝ ነው። ሌሎች ተማሪዎች ለበዓል ወደየቤታቸው ሲሄዱ እርሱ የሚሄድበት የእናት ቤት አልነበረውም። ስሙን ከዝርዝሩ ማውጣት ግን ይባስ ስሕተት ነው፤ እዚያ መኖሩን መካድ ይሆናል።

የሲሪል ራንሰም ልጅ አርተር ዓለማየሁ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ በዚያው በሊድስ ተወለደ። እርሱም በተራው ራግቢ ተማረ፤ የሩሲያን አብዮት በቦታው ተገኝቶ የዘገበ ጋዜጠኛና የታወቀ የልጆች ደራሲ ሆኖ በ83 ዓመቱ ሞተ።